ዝግ ሄድፎንና አምፕሊፋየር እንዴት ይጣመራሉ?

ለሄድፎኑ ወራት ገንዘብ አጠራቅሜ ነበር። ቀጥሎ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ጉልበት የሚያሳድግለት አምፕሊፋየር ገዛሁለት። ሁለቱን አገናኝቼ አንድ የበገና ቅጂ ስከፍት ድምፁ ቀጭን ሆነብኝ። የደርዳሪው ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ወፍራሞቹ አውታሮች ግን ከሩቅ ሰፈር የሚመጡ ይመስል ሳስተዋል። ቮሊዩሙን ከፍ አደረግሁ፤ ጩኸት ተጨመረ እንጂ በገናው አልወፈረም። ተስፋ ቆርጬ ላወልቀው ሁለቱን ጎኖች ስይዛቸው ሳላስበው በመዳፌ ወደ ጆሮዬ ጫን አደረግኋቸው። ያን ጊዜ በገናው ሞልቶ መጣ። እጄን ሳነሳ ተመልሶ ሳሳ።

ጥፋቱ የሄድፎኑም የአምፕሊፋየሩም አልነበረም። በዚያ ሳምንት የተሠራሁት ሹሩባ ከጆሮዬ ኋላ ወፈር ብሎ ተቀምጧል፤ በዚያ ላይ የመነጽሬ ዘንግ ስፖንጁን ከቆዳዬ ያነሳዋል። በመካከል የተፈጠረው ክፍተት ከክብሪት እንጨት ውፍረት አይበልጥም። ያቺ ክፍተት ግን የወራት ቁጠባዬን ባዶ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ዝግ ሄድፎን ልግዛ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አምፕሊፋየር አይደለም። ሄድፎኑ ጭንቅላቱ ላይ በደንብ ይገጥም እንደሆነ ነው። አምፕሊፋየር ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ያውም ሒሳቡ ከጠየቀው ብቻ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ እዚሁ አብረን እንሠራዋለን።

የምኖረው በአዲስ አበባ ጠርዝ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ የትረካና የመዝሙር ቅጂዎችን ማረም ነው፤ የተራኪው ትንፋሽ የት ገባ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ የት ተሰማ፣ የትኛው ቃል ተዋጠ እያልኩ እየለቀምኩ እውላለሁ። ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ከሥር ያለው የብረታ ብረት ቤት ግራይንደሩን ያስነሳል። አሸዋና ጠጠር የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ወደ አዳዲሶቹ ግንባታዎች ሽቅብ ሲወጡ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሲመሽ የውሾቹ ተራ ነው፤ አንዳንድ ሌሊት ከኮረብታው በኩል ጅብ ይጮኻል። ዝግ ሄድፎን ለእኔ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ዝግ የሚባለው የሄድፎኑ የውጭ ቅርፊት ድፍን ስለሆነ ነው። ክፍቱ በተቃራኒው ጀርባው ላይ ወንፊት አለው፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው የምትሰሙትን ይሰማል፣ እናንተም እሱን ትሰማላችሁ። ክፍት ሄድፎን ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ግሩም ነገር ነው። እኔ ጋ ግን ከግራይንደር ጋር ፉክክር ይሆንበታል። ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ፤ ተራኪው ወይም ዘማሪው ጆሮ ላይ ያለው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ሾልኮ ከገባ በኋላ የሚያወጣው መቀስ የለም።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። ዝግ ሄድፎን ሁሉንም ጩኸት እኩል አያግድም። ቀጭኑን ድምፅ፣ ማለትም የግራይንደሩን ሲርታ፣ የሕፃን ልቅሶን፣ የብረት ፍጭትን በደንብ ይቀንሳል። ወፍራሙን ጉርምርምታ ግን ብዙም አያስቆመውም። 50 ሄርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ የሞተር ድምፅ በአየር ውስጥ ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስስ ፕላስቲክና ስፖንጅ እሱን ለማገድ አቅም የላቸውም። ስለዚህ ሳጥን ላይ በዴሲቤል፣ ማለትም በድምፅ ጉልበት መለኪያ፣ የሚጻፈውን የማገድ ቁጥር በጥንቃቄ አንብቡ። ሴንሃይዘር ለኤችዲ 280 ፕሮ «እስከ 32 ዴሲቤል» ይላል፤ ቤየርዳይናሚክ ደግሞ ለዲቲ 770 ፕሮ 18 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። «እስከ» የምትለዋ ቃል የምትናገረው ስለ ቀጭኑ ድምፅ ነው። የመኪናውን ጉርምርምታ ማጥፋት የፈለገ ሰው በኤሌክትሮኒክስ ጩኸት የሚሰርዘውን ዓይነት ሄድፎን ይመልከት። እሱ የራሱ አምፕሊፋየር በሆዱ ስላለው ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ውጭ ነው፤ በብሉቱዝ ለሚሠራ ሄድፎን አምፕሊፋየር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

መዝጋት ዋጋ አለው። በሄድፎኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ስፒከር ስስ ሽፋኗን ወደ ጆሯችሁ ስትገፋ ከኋላዋ ደግሞ አየሩን ትስባለች፤ ወደ ኋላም እኩል ድምፅ ታወጣለች ማለት ነው። በክፍቱ ይህ የኋላ ድምፅ በወንፊቱ ወጥቶ ይሄዳል። በዝጉ መውጫ የለውም። ቅርፊቱን መትቶ ይመለሳል፤ ዕቃ ያልገባበት አዲስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስታወሩ ግድግዳው ቃላችሁን እንደሚመልስባችሁ ማለት ነው። ጥሩ ሠሪ ይህን በሱፍና በስፖንጅ፣ በቅርፊቱ ቅርፅ፣ አንዳንዴም በደቃቅ ቀዳዳ ያበርደዋል። ርካሹ ሠሪ ይተወዋል። ያን ጊዜ ድምፅ ሁሉ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ የማሲንቆዋ ጭራ አንድ ቦታ ላይ ያለ ምክንያት ትጮኻለች፣ የሰው ድምፅም አፍንጫ አፍንጫ ይላል። ይህን ጉድለት አምፕሊፋየር አያድነውም። እንዲያውም አጉልቶ ያሰማዋል።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ በሻጩ ስልክ የሚከፈትላችሁን ባስ የበዛበት ሙዚቃ ብቻ ሰምታችሁ አትግዙ። በቅርብ የምታውቁትን ሰው ድምፅ ቀርጻችሁ ያዙ፤ እናታችሁ ብትሆን ከሁሉ ይሻላል። የእናቱን ድምፅ የማያውቅ ጆሮ የለም። እሷ ጉንፋን የያዛት ከመሰለች ሄድፎኑን መልሱት።

አሁን ወደዚያች የክብሪት እንጨት ውፍረት ወዳላት ክፍተት ልመለስ፤ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናትና።

የኳስ መንፊያ ውሰዱ። አፉን በጣታችሁ ዝጉና ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ተዉለት። እጀታውን ቀስ ብላችሁ ከገፋችሁት አየሩ በቀዳዳዋ እያፏጨ ይወጣል፤ ግፊት አይፈጠርም። በድንገት ከመታችሁት ግን አየሩ ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ እጃችሁን መልሶ ይገፋል። ወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ የሚገፋ እጅ ነው። 40 ሄርዝ በሰከንድ 40 ጊዜ ብቻ ይመላለሳል፤ በሹሩባው ሥር ለመሹለክ በቂ ጊዜ አለው። ቀጭኑ ድምፅ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ስለሚመላለስ ክፍተቷ አትጎዳውም። የበገናው አውታሮች ሳስተው ቃሉ ጥርት ብሎ የቀረው ለዚህ ነው። ቮሊዩም መጨመር ያልረዳኝም ለዚህ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ሁለቱንም እኩል ከፍ ያደርጋል፣ ክፍተቷ ደግሞ ወፍራሙን ብቻ ትወስዳለች።

ፈተናው ቀላል ነው። ከበሮ ያለበት ቀስ ያለ መዝሙር ክፈቱ፤ ሄድፎኑን እንደ ሁልጊዜው አጥልቁት፤ ከዚያ ሁለቱን ጎኖች በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉ። ከበሮው እምብዛም ካልተለወጠ ገጥሟል። በድንገት ከወፈረ አልገጠመም፤ ሄድፎኑ ከስንት እስከ ስንት ሄርዝ እንደሚያሰማ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የድግግሞሽ ቁጥርም ለእናንተ ጆሮ አይሠራም። መነጽር የምታደርጉ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሞክሩ። ሹሩባ የምትሠሩ ተሠርታችሁ ሞክሩ፤ እኔ አሁን ሹሩባው ከጆሮዬ ኋላ በቀጭኑ እንዲያልፍ አስቀድሜ ለሠሪዋ እነግራታለሁ። ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርጉ ደግሞ ጨርቁ የታጠፈበት ወይም የተቋጠረበት ቦታ ስፖንጁ ሥር እንዳይገባ አድርጉት፤ አንድ ስስ ንብርብር ብዙም አይጎዳም፣ እጥፋቱ ግን በር ይከፍታል።

ስፖንጁ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰው አየር ይይዛል፣ ባሱንም ያጠብቃል፤ ግን ያልባል፣ ከጊዜ በኋላም እየተላጠ ጥቁር ብጥስጣሹ ጆሮ ላይ ይቀራል። ከፋይ የሚመስለው ጨርቅ ለረጅም ሰዓት ይመቻል፤ ትንሽ አየር ያሳልፋል። ስፖንጁ የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ። ሌላ ኩባንያ የሠራውን ብትገጥሙለት ግን ድምፁ እንደሚለወጥ እወቁ፤ በስፒከሯና በጆሯችሁ መካከል ያለው ርቀትና አየር ተለውጧልና።

እንግዲህ ወደ አምፕሊፋየሩ።

መርካቶ ሄድፎኑን የሸጠልኝ ልጅ «እህቴ፣ ይሄ ባለ 250 ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም» ብሎኝ ነበር። ሊያታልለኝ አልነበረም። 250 የሚለውን ቁጥር እንደ ጉልበት ወስዶት ነው፤ እኔም እንደዚያ ነው የወሰድኩት። ቁጥሩ ግን የጉልበት አይደለም፤ ኦም ነው፣ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ፤ ተቃውሞው ኢምፒዳንስ ይባላል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ውሃ በሮቶ የሚጠቀም ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሮቶው ከፍታ ቮልት ነው። በቧንቧው የሚወርደው የውሃ ብዛት ከረንት ነው። የቧንቧው ጥበት ደግሞ ኦም ነው። ባለ 250 ኦም ሄድፎን እንደ ቀጭን ቧንቧ ነው፤ በቂ ውሃ እንዲያልፍበት ሮቶው ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ባለ 32 ኦሙ ሰፊ ቧንቧ ነው፤ ሮቶው ዝቅ ቢልም ውሃው ይወርዳል፣ ብዙ ውሃ ግን ይጠጣል። አምፕሊፋየር ማለት ሮቶውን ከፍ የሚያደርግና በውስጡም በቂ ውሃ የሚይዝ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ለሄድፎኑ የተወሰነ ጉልበት ሲሰጠው ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሚሊዋት ይህን ያህል ዴሲቤል ተብሎ ይጻፋል። ዴሲቤል ላይ ሁለት ነገር ያዙ፤ 3 ዴሲቤል ለመጨመር ጉልበቱ እጥፍ መሆን አለበት፣ 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ 10 እጥፍ። ጆሯችን ግን ያን የ10 ዴሲቤል ጭማሪ የሚሰማው ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ብቻ ነው።

ምሳሌ ልውሰድ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮን በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ሠርቶታል። ሦስቱም በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣሉ፤ በጉልበት ካየናቸው እኩል ናቸው። የሚለያዩት ያን ጉልበት ለመቀበል በሚጠይቁት ቮልት ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፤ ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ በኦሙ አካፍሉት፣ የሚመጣው ዋት ነው። ብዙ ስልኮችና በዩኤስቢ የሚሰኩ ትንንሽ የሄድፎን ማገናኛዎች ቢበዛ 1 ቮልት አካባቢ ያወጣሉ። 1 ቮልት በ250 ኦም ሲካፈል 4 ሚሊዋት ይሆናል፤ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ 6 ዴሲቤል ጨመረ፣ 102 ደረሰ። በ80 ኦም 12.5 ሚሊዋት ይሆናል፣ 107 ዴሲቤል። በ32 ኦም ደግሞ 31 ሚሊዋት ገደማ፣ 111 ዴሲቤል።

102 ዴሲቤል ትንሽ ነው ወይ? ለተለመደው ዘፈን አይደለም። የዛሬ ዘፈን ተጨምቆ እስከ ጣሪያው ተሞልቶ ስለሚወጣ በ250 ኦሙም ከስልክ ይሰማል። ችግሩ እንደ እኔ ጥሬ ቅጂ የሚያዳምጥ ሰው ላይ ነው። ተራኪ ስቀርጽ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ዝቅ አድርጌ ነው የምቀርጸው፤ አማካይ ድምፁ ከጣሪያው 30 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። 102 ሲቀነስ 30፣ 72 ነው። ጸጥ ባለ ሌሊት 72 ይበቃል። ገልባጩ መኪና ሲያልፍ ግን አይበቃም፤ የተራኪው ትንፋሽ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ ነው። 4 ቮልት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ሳገናኝበት ጣሪያው 12 ዴሲቤል ከፍ ይልና 114 ይሆናል፣ ያው ቅጂ 84 ላይ ይደርሳል። ለእኔ አምፕሊፋየር ያስፈለገው በዚህች 12 ዴሲቤል ነው። ድምፁን «ለማሳመር» አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። አንዳንዱ ኩባንያ ሴንሲቲቪቲውን የሚጽፈው በ1 ሚሊዋት ሳይሆን በ1 ቮልት ነው። የሴንሃይዘር ኤችዲ 280 ፕሮ 64 ኦም ነው፤ በ1 ቮልት 113 ዴሲቤል ይላል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስቱዲዮዎች የሚያውቁት የሶኒ ኤምዲአር 7506 ደግሞ 63 ኦም ነው፤ በ1 ሚሊዋት 106 ዴሲቤል ይላል። ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው ሴንሃይዘሩ የበለጠ ይጮኻል ይላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ስናስቀምጣቸው ግን 1 ቮልት ለሶኒው 16 ሚሊዋት ገደማ ስለሚሆን 118 ዴሲቤል ይደርሳል። የሚበልጠው ሶኒው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሄድፎን ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል፤ አምፕሊፋየር የሚገዛለት ሰው ገንዘቡን ስፖንጅ ቢገዛበት ይሻላል። የኦዲዮ ቴክኒካው ኤቲኤች ኤም 50 ኤክስም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ 38 ኦም፣ በ1 ሚሊዋት 99 ዴሲቤል፣ በ1 ቮልት 113 ገደማ።

ታዲያ ባለ ብዙ ኦም ሄድፎን ለምን ይሠራል? ከስቱዲዮ ሥራ የመጣ ነው። አንድ አምፕሊፋየር ላይ አራት ዘማሪ አራት ሄድፎን ሲሰካ ኦሙ ለአራት ይካፈላል። ባለ 32ቱ አራት ሲሆኑ አምፕሊፋየሩ የሚያየው 8 ኦም ብቻ ነው፤ ሰፊ ቧንቧ አራት ጊዜ ተከፈተበት፣ ውሃው ያልቃል። ባለ 250ዎቹ አራት ሆነው እንኳን 62.5 ኦም ናቸው። የመዘምራን ቡድን የሚቀርጽ ሰው ይህን ያስብ። ቤቱ ብቻውን የሚያዳምጥ ሰው ግን ባለ 250 የሚገዛበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። ዛሬ እንደገና ብገዛ ባለ 80ውን ነበር የምገዛው፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ሥራዬን እቀጥል ነበር።

ከጉልበቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የአምፕሊፋየሩ የራሱ ውስጣዊ ኦም ነው። ወደ ሮቶው እንመለስ። ከሮቶው የሚወርደው ዋናው ቧንቧ ጠባብ ከሆነ ጎረቤት ቧንቧ በከፈተ ቁጥር የእናንተ ግፊት ይወርዳል። ሄድፎንም እንደዚሁ ነው፤ ሳጥኑ ላይ 32 ኦም ይባል እንጂ ኦሙ በሁሉም ድምፅ ላይ አንድ አይደለም። በብዙዎቹ ባሱ አካባቢ ከፍ ይላል። እንበልና 32 የተባለው ባሱ ላይ 50 ደረሰ። የአምፕሊፋየሩ ውስጣዊ ኦም 2 ከሆነ በባሱና በሌላው ድምፅ መካከል የሚመጣው ልዩነት 0.2 ዴሲቤል አይሞላም፤ ማንም አይሰማውም። 100 ኦም ከሆነ ግን ባሱ ወደ 3 ዴሲቤል ገደማ ተነፍቶ ይወጣል። ብዙ የድሮ ቴፖችና የሳሎን አምፕሊፋየሮች የሄድፎን ቀዳዳቸው ከስፒከሩ መስመር ኤሌክትሪኩን በሚገታ ሬዚስተር ተቀንሶ የተወሰደ ስለሆነ እንዲህ ያደርጋሉ። ያው ሄድፎን በአባቴ ቴፕ ላይ ለምን ባሱ እንደሚጨፈግግ የገባኝ በዚህ ሒሳብ ነው። ዝግ ሄድፎን ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ብዙዎቹ ባሳቸው ድሮውንም ወፍራም ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ የሄድፎኑ ኦም የአምፕሊፋየሩን ውስጣዊ ኦም ቢያንስ 8 እጥፍ ይብለጥ። ለ32 ኦም ከ4 የማይበልጥ፣ ለ80 ደግሞ ከ10 የማይበልጥ ፈልጉ።

ጉልበት ከመጠን ሲበዛም ይጎዳል። ትንሽ ጉልበት የሚበቃውን ሄድፎን ብርቱ አምፕሊፋየር ላይ ብትሰኩት ጸጥታው ውስጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የቮሊዩሙን ቁልፍ ገና ነካ ስታደርጉት ይጮኻል፣ ከታች በኩልም ግራና ቀኙ እኩል አይሆንም። ዝቅተኛና ከፍተኛ ጌይን፣ ማለትም ድምፁ የሚያድግበትን መጠን፣ የሚመርጥ ማብሪያ ያለው አምፕሊፋየር ከሆነ ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ስለ መብራት ካልተናገርኩ ይህ ጽሑፍ ለሰፈሬ ሰው አይጠቅምም። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ። አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ከአስማሚው (ከአዳፕተሩ) ጋር ነበር የመጣው። የሶኬቱን ቅርፅ የሚቀይር ነገር ፈልጌ ሰካሁት። የአስማሚው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ አምፕሊፋየሩም አብሮ ሄደ። የቅርፅ መቀየሪያው ቮልቱን አይቀይርም። ዘመድ ዕቃ ሲልክላችሁ አስማሚው ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን በፎቶ አስልኩና እዩ። ከሌለው እዚሁ የሚስማማውን ፈልጉ፤ የሚያወጣው ቮልትና አምፔር አንድ ይሁን፣ ደግሞም የሚያወጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው ወይስ ቀጥተኛ የሚለውን አስተያዩ። አንዳንድ የሄድፎን አምፕሊፋየሮች ተለዋዋጩን ነው የሚፈልጉት፤ የስልክ ቻርጀር ዘመድ አድርጋችሁ አትዩት።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ የሚዘልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉት፤ ሄድፎኑን ደግሞ አምፕሊፋየሩ ሲበራና ሲጠፋ ጆሯችሁ ላይ አታድርጉት፣ የሚመጣው ምት ስፒከሯንም ጆሮንም አይምርም። በላፕቶፕ ዩኤስቢ ወይም በራሱ ባትሪ የሚሠራ አምፕሊፋየር እዚህ ዳር ለምንኖር ሰዎች ትልቅ ዕረፍት ነው። «ኡኡኡም» የሚል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ከሰማችሁ አምፕሊፋየሩን ከመስደባችሁ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ጉርምርምታው ከጠፋ ችግሩ የምድር ሽቦ ነው፤ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስባችሁ፣ ዲቫይደሩንም የምድር ሽቦ በትክክል የገባበት ሶኬት ላይ ሞክሩት።

ስለ ጆሮ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ዝግ ሄድፎን የምንገዛው ከጩኸት ለመሸሽ ነው፤ ካልገጠመ ግን ጩኸቱን ለመሸፈን ቮሊዩም እንጨምራለን፣ ከኋላው አምፕሊፋየር ካለ ደግሞ የምንጨምረው ገደብ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው 80 ዴሲቤልን ነው የሚመክረው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ኒዮሽ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 85 ዴሲቤልን ወሰን አድርጓል፤ ከዚያ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። የእኔ 84 ለሙሉ ቀን ሥራ ጠርዝ ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ መኪናው ሲያልፍ ቮሊዩም አልጨምርም፣ ቅጂውን አቁሜ እጠብቃለሁ። ሌሊት ስሠራም መጀመሪያ የማደርገው ቁልፉን ወደ ታች መመለስ ነው።

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ በሩን አንኳኳ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በላፕቶፑ ሙዚቃ ያቀናብራል።

«እትዬ፣ ሄድፎን ልገዛ ነው። ከአምፕሊፋየር ጋር ነው አሉኝ፤ ገንዘቡ ለሁለቱ አይበቃኝም። አምፑን አስቀድሜ ልግዛ?»

«በምን ነው የምታዳምጠው?»

«በላፕቶፑ።»

«እንግዲያው ገንዘብህን ሁሉ ሄድፎኑ ላይ አድርገው። ባለ 80 ኦም ወይም ከዚያ በታች ፈልግ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ አጥልቀህ በመዳፍህ ጫን አድርገው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይዞት መጣ። ያገለገለ ነው፤ ስፖንጁ ግን አዲስ። ሳሎን አስቀምጬው ከበሮ ያለበት መዝሙር ከፈትኩለትና ሁለቱን ጎኖች ከኋላው ሆኜ ጫን አደረግሁ። «ተለወጠ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አልተለወጠም። ከዚያ ያቀናበረውን አስከፈተኝና በተራዬ አጠለቅሁት፤ ግማሽ ቮሊዩም ላይ ነበር፣ ከሥር ግራይንደሩ እየሠራ የክራሩ አውታሮች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር።